ጭንቅላትማ ሞልቶናል

የፈጠራ ነገር በተነሳ ቁጥር፣ በስብሰባ አዳራሽም ይሁን በሬዲዮ ውይይት፣ የሚሰማው መልስ አንድ ነው። አገር በፈጠራ የምትራመደው ገንዘብ ሲኖራትና የተማረ ሰው ሲበዛላት ነው፤ እኛ ወደ ኋላ የቀረነው ሁለቱም ስላነሱን ነው። የመንግሥት አሠራር ጥራት ግን፣ ማለትም ሕግ ለሁሉም እኩል መሥራቱ፣ ዳኛ ሳይፈራ መፍረዱ፣ መሥሪያ ቤት የሰጠውን ቃል አለማጠፉ፣ ሹም በችሎታው መሾሙ፣ ሆድ ከጠገበ በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። መጀመሪያ ላብራቶሪው ይሠራ፣ መጀመሪያ ፓርኩ ይገንባ፣ መጀመሪያ መሐንዲሱ ይመረቅ፤ አስተዳደሩ ቀስ እያለ ይስተካከላል ይባላል። አስተያየቱ ከመለመዱ የተነሳ ማስረጃ የሚጠይቅበት ሰው የለም። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል እላለሁ። ጭንቅላትና ገንዘብ የሚያፈሩት የመንግሥት አሠራር በሚፈቅድላቸው ልክ ነው። አሠራሩ ሲበላሽ ወይ ባክነው ይቀራሉ፣ ወይ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ።

የተቃራኒውን ወገን ክርክር ሳላሳንስ ላቅርበው። ደቡብ ኮሪያን እዩ ይላሉ። የእኛ ቃኘው ሻለቃ ዘምቶ የተዋደቀላት፣ በጦርነት የወደመች ድሃ አገር ነበረች፤ ያቆማት በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘ ጄኔራል ነው። ቻይናን እዩ፤ ሥልጣን የሚፎካከር ፓርቲ የለ፣ ነፃ ጋዜጣ የለ፣ የኤሌክትሪክ መኪናዋና የፀሐይ ኃይል ፓኔሏ ግን ዓለምን አጥለቅልቋል። ሶቪየት ኅብረትን እዩ፤ በስታሊን ጡጫ ውስጥ ያለፈች አገር እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክን አምጥቃ አሜሪካን ቀደመች። ምዕራባውያኑስ ቢሆኑ ሲበለጽጉ ንጹሕ ነበሩ? ጉቦና ዝምድና በሞላበት ዘመን አይደለም ወይ ሐዲዱን የዘረጉት? ስለዚህ መልካም አስተዳደር የብልጽግና ፍሬ እንጂ ሥር አይደለም፤ ድሃ አገር የሚያስፈልጋት ገንዘብ፣ ዕውቀትና ቆራጥ እጅ ነው ብለው ይደመድማሉ። ይህ ክርክር ታሪክ ጠቅሶ የሚከራከር ስለሆነ በመፈክር አይመለስም። የሚመለሰው ታሪኩን እስከ መጨረሻው በማንበብ ነው።

ከጭንቅላቱ እንጀምር። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሚቀበሏቸው ተማሪዎች ሰባ በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲያጠና ተወሰነ። ሰባ ሠላሳ የሚለውን ቃል የዚያ ዘመን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ስሌቱ ቀላል ነበር፤ መሐንዲስ ሲበዛ ፋብሪካ ይበዛል፣ ፋብሪካ ሲበዛ ፈጠራ ይመጣል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥርም ከአርባ በላይ ደረሰ፤ መሐንዲሱ በገፍ ተመረቀ። ታዲያ ፈጠራው የት ገባ? ዲግሪውን ይዞ ኮብልስቶን ስለሚያነጥፈው ወጣት ነው አገሩ ያወራው። ያ ወጣት ሐሳብ ቢኖረው እንኳ ኩባንያ የሚያቋቁምበት ሕግ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነበር። በዚያ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም አይችልም ነበር፤ ሸሪክ መፈለግ ግዴታው ነበር። ሕጉ የተተካው በ2013 ዓ.ም. ነው። ስድሳ አንድ ዓመት! ኮምፒውተር ወደ አገር ሳይገባ የተጻፈ ሕግ የስልክ መተግበሪያ የሚሠራውን ልጅ ሲያስተዳድር ኖረ። በውጭ አገር ሰርቨር ለመከራየት ጥቂት ዶላር የሚያስፈልገው ጀማሪ ደግሞ ከትልልቅ አስመጪዎች ጋር የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ይህን ሁሉ የሚያስተካክለው ተጨማሪ መሐንዲስ ነው? ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢከፈት ወረፋው ያጥራል?

ጭንቅላት የሚያፈራው መሬቱን ሲያገኝ ነው ለሚለው ነገር ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታን መጥቀስ ይበቃል። ከወለንኮሚ መንደር ተነስተው በጅማ እርሻ ትምህርት ቤትና በአለማያ ኮሌጅ የተማሩ ሰው ናቸው። አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀል እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ግን አሜሪካ፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ነው። አቀንጭራ የሚያጠፋው የማንን ማሽላ ነው? የወሎን፣ የሐረርጌን፣ የትግራይን። ችግሩ እዚህ፣ ጭንቅላቱም ከዚህ፤ ሥራው ግን የተሠራው የምርምር በጀት በሹም ሽር በማይታጠፍበት፣ ተመራማሪ ለፖለቲካ ስብሰባ ከላብራቶሪው በማይጠራበት ቦታ ነው። የተማረ ሰው አጥተናል የሚል ሰው ያጣነውን ሰው አድራሻ ቢያጣራ ችግሩ ከማስተማር በኋላ እንደሚጀምር ያያል።

ገንዘቡስ? ገንዘብ ቢኖር ኖሮ የሚለውን ጸጸት የሚያከሽፍ ማስረጃ በእጃችን አለ፤ ስሙ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በአጭሩ ሜቴክ ነው። በ2002 ዓ.ም. የመከላከያን ፋብሪካዎች ሰብስቦ ሲቋቋም የተሰጠው ተልእኮ ራሱ ፈጠራ ነበር፤ የውጭ ቴክኖሎጂን ማላመድ፣ ማሽን በአገር ውስጥ መሥራት። ገንዘብ ጎደለው? አልጎደለውም። ፋብሪካ? ተረክቦ ነው የተነሳው። መሐንዲስ? ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚያስመርቁት መሐንዲስ ነበረለት። ገበያ? የስኳር ፋብሪካዎቹ፣ የያዩ የማዳበሪያ ፋብሪካ፣ የሕዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካልና የብረታ ብረት ሥራ ያለ ውድድር ተሰጡት። ፈጠራ ገንዘብና ጭንቅላት ብቻ ከሆነ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የት ይገኛል? ውጤቱን ሁላችንም እናውቃለን። የስኳር ፋብሪካዎቹ በተባለው ጊዜ አልደረሱም። የግድቡ ሥራ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከእጁ ተነጥቆ ለውጭ ኩባንያዎች ተሰጠ። ኅዳር 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ድርጅቱ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ለሕዝብ አስታወቀ።

እዚህ ላይ የሚሰነዘር መልስ አለ፤ የሜቴክ ችግር ሌቦች ነበሩ፣ ሌባውን በታማኝ ሰው ብንተካው ኖሮ ይሳካ ነበር የሚል። የግለሰቦቹ ጥፋት የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ወንበሩ ነው። ያለ ጨረታ ሥራ የሚሰጠው፣ ቢያዘገይ የማይቀጣ፣ ሒሳቡ ከሕዝብ ዓይን ውጭ የሚውል ድርጅት ላይ ቅዱስ ሰው ብታስቀምጡ እንኳ ምን ያህል እንደሠራ በምን ያውቃል? ፈጠራ በሙከራና በስህተት የሚሄድ ሥራ ነው። ስህተቱን ቶሎ የሚነግረው ተወዳዳሪ፣ ኦዲተር፣ ደንበኛ ወይም ጋዜጠኛ የሌለው ድርጅት ስህተቱን የሚያውቀው ቢሊዮኖች ከጠፉ በኋላ ነው። ሜቴክ የጎደለው ይህ ነበር፤ ይህ ደግሞ በበጀት ሰነድ ላይ የማይታይ፣ በመንግሥት አሠራር ውስጥ ብቻ የሚገኝ ነገር ነው።

ክርክሩን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው ግን ከድንበር ማዶና ከድንበር ወዲህ ያለው የሞባይል ገንዘብ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 የስልክ ኩባንያው ሳፋሪኮም ኤም-ፔሳ የተባለውን አገልግሎት ኬንያ ውስጥ ጀመረ። ኬንያ ያኔ ንጹሕ አገር አልነበረችም። የጎልደንበርግና የአንግሎ ሊዚንግ ቅሌቶች የሕዝብ ገንዘብ እንዴት እንደተዘረፈ ለዓለም አሳይተዋል። መንግሥቱም ራሱ የሳፋሪኮም ባለድርሻ ነበር። ነገር ግን በዚህ ሁሉ መሐል ሥራውን የሚያውቅ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ማዕከላዊ ባንኩ። በስልክ ገንዘብ ስለ መላክ የተጻፈ ሕግ አልነበረም። ሕግ ስለሌለ አይቻልም ብሎ በሩን መዝጋት ይቀለው ነበር። ባለሙያዎቹ ግን ጠየቁ፤ የሕዝቡ ገንዘብ የት ይቀመጣል? በንግድ ባንክ በአደራ ሒሳብ። ኩባንያው ሊያበድረው ይችላል? አይችልም። ኩባንያው ቢከስር ገንዘቡ ይጠፋል? አይጠፋም። መልሱን መዝነው ተቃውሞ የለንም የሚል ደብዳቤ ጻፉለት። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ባንኮች ጮኹ፣ የገንዘብ ሚኒስቴሩም ምርመራ አዘዘ፤ ማዕከላዊ ባንኩ መርምሮ አሠራሩ ደኅና መሆኑን በጥር 2009 በይፋ ገለጸ። የክፍያ ሥርዓት ሕጉ ራሱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ቀድሞ ፈጠራው ሠራ፣ ተቆጣጣሪው ከጎኑ እየተራመደ ተማረ፣ ሕጉ የተማረውን ይዞ መጣ።

ወደ እኛ ስንመለስ ብሔራዊ ባንክ የሞባይልና የወኪል ባንክ አገልግሎት መመሪያውን ያወጣው በ2005 ዓ.ም. ገደማ ነው። መመሪያው አገልግሎቱን ለባንኮችና ለአነስተኛ የብድርና ቁጠባ ተቋማት ብቻ ፈቀደ። ኤም-ብርና ሄሎካሽ የተባሉትን አገልግሎቶች ያመጡት የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በራሳቸው ስም መቆም ስለማይችሉ ከተቋማቱ ጀርባ ሆነው ለመሥራት ተገደዱ። የስልክ መስመሩም በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ነበር። ባንክ ያልሆነ ድርጅት የክፍያ አገልግሎት እንዲሰጥ የተፈቀደው በ2012 ዓ.ም. ነው። በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ጀመረ፤ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ከ20 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መመዝገቡን አስታወቀ። የግል ተወዳዳሪው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሞባይል ገንዘብ ፈቃድ ያገኘው ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ነው። ቴሌብር ባገኘው ደንበኛ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ሰው ጠቅሟል። ግን ቁጥሩ የሚመሰክረውን አስቡት። ስልኩ በእጃችን ነበር። ልጁ ለእናቱ ገንዘብ በአውቶቡስ ተሳፋሪ እጅ የሚልክበት ችግርም ነበር። ቴክኖሎጂው ከናይሮቢ ተነስቶ ዓለምን ዞሯል። ከመጋቢት 2007 እስከ ግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. አሥራ አራት ዓመት ያለፈው ምን እስኪሟላ ነው? ፈቃድ እስኪገኝ ብቻ ነው።

ጥንቃቄ ነበር ይባላል፤ የድሃን ቁጠባ ለማንም ኩባንያ መስጠት አይገባም፣ በሕገወጥ ገንዘብ ዝውውርም እንጠቃለን ተብሎ ነው። ይህ ሥጋት እውነተኛ ነው፣ አላናንቀውም። የኬንያ ባለሙያዎችም ይኸው ሥጋት ነበራቸው። ልዩነቱ እነሱ ሥጋቱን ወደ ጥያቄ ለውጠው መልስ ማግኘታቸው ነው። ሥጋቱን መርምሮ መልስ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ጥንቃቄ አለው። ሥጋቱን ጠቅሶ ጉዳዩን የሚያሳድር መሥሪያ ቤት ግን ራሱን ነው የሚጠብቀው። ይህን ስል የኬንያ ፈጠራ ፍጹም ነው ማለቴ አይደለም፤ የሳፋሪኮም ግዝፈት ለሌሎች ተወዳዳሪዎች እንቅፋት ሆኗል የሚለው ወቀሳ እዚያው ኬንያ ውስጥ ይነሳል። እሱም ቢሆን የሚፈታው በዚያው በመንግሥት አሠራር ጥራት ነው። ደግሞ ልብ በሉ፤ ኬንያ ለዚህ ፈጠራ ሁለንተናዋ መንጻት አላስፈለጋትም፤ አንድ ብቁ ተቆጣጣሪ በቃት። መልካም አስተዳደር ድሃ የማይደርስበት ቅንጦት ነው ለሚሉ ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም።

አሁን ወደ ቆራጡ እጅ። እ.ኤ.አ. በ1927 ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለ ሩስያዊ ሳይንቲስት ወደ አገራችን መጥቶ ነበር፤ ራስ ተፈሪም ተቀብለውታል። በበቅሎ እየዞረ የስንዴያችንን፣ የገብሳችንን፣ የጤፋችንን ዘር ሰበሰበ፤ ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መፍለቂያዎች አንዷ ብሎ መዘገባት። የእሱን የሚያህል የዘር ሳይንስ አዋቂ በዘመኑ ጥቂት ነበር። ተቀናቃኙ ትሮፊም ሊሴንኮ ግን ለስታሊን የሚጥመውን ይናገር ነበር፤ የዘር ውርስ ሳይንስ የቡርዥዋ ተረት ነው፣ ስንዴ በማሠልጠን ይለወጣል አለ። በጤናማ መንግሥት ሁለቱን የሚዳኛቸው ማሳው ነው። በስታሊን መንግሥት የዳኛቸው ሥልጣን ሆነ። ቫቪሎቭ በ1940 ታሰረ፣ በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ። በ1948 የዘር ውርስ ሳይንስ በይፋ ታገደ፤ ነፃ የወጣው የስታሊን ተተኪ ክሩሽቼቭ ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ነው። ስፑትኒክን ያመጠቀው ሰርጌይ ኮሮልዮቭስ? በ1938 ታስሮ ወደ ኮሊማ የወርቅ ማዕድን ተልኮ ከሞት ለጥቂት የተረፈ ሰው ነው። ቆራጡ እጅ ሮኬቱን ሰጠ ከተባለ ሮኬቱን የሠራውን ሰው ሊገድል እንደነበርም ይነገር። ያ እጅ ዒላማው ለታወቀ አንድ ሥራ፣ ለሮኬትና ለቦምብ፣ የአገር ሀብት ሁሉ ሊያፈስ ይችላል። ዒላማው ገና ላልታወቀው፣ ማንም ላላዘዘው ነገር ግን እጁ ባዶ ነው። ፈጠራ ደግሞ በአብዛኛው ማንም ያላዘዘው ነገር ነው።

ቻይና ለተቃራኒው ወገን የመጨረሻ ምሽግ ናት፤ ለእኔ ግን ዋና ምስክሬ ናት። እ.ኤ.አ. በ1966 የባህል አብዮቱ ሲጀመር የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ቆመ፤ መምህራን በአደባባይ ተዋረዱ፣ ተመራማሪዎች ገጠር ተላኩ። ሕዝቡ ያው ሕዝብ፣ ጭንቅላቱ ያው ጭንቅላት፣ ፓርቲውም ያው ፓርቲ ነው፤ አገሪቱ ግን ተሰናከለች። በወባ መድኃኒቱ በአርቴሚሲኒን ኋላ ኖቤል የተሸለሙት ቱ ዩዩ በዚያ ዘመን መሥራት የቻሉት ምርምሩ በሠራዊቱ ጥላ ሥር ስለተከለለ ነው። በ1977 ፈተናው ተመለሰ፤ 5.7 ሚሊዮን ሰው ተፈተነ። በ1978 መሪው ዴንግ ሺያዎፒንግ ምሁራን የሠራተኛው መደብ አካል ናቸው ብለው ስድቡን አነሱላቸው። በ1980 ሼንዠን ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና ሆነች፣ በ1984 የፓተንት ሕግ ወጣ፣ በ2001 አገሪቱ የዓለም ንግድ ድርጅትን ሕግ ተቀበለች፣ በ2014 ልዩ የአእምሯዊ ንብረት ፍርድ ቤቶች በቤይጂንግ፣ በሻንግሃይና በጓንግዡ ተቋቋሙ። በሁለቱ ዘመናት መካከል የተለወጠው የእጁ ጥንካሬ ነው? እጁማ በማኦ ዘመን ይበልጥ ጠንካራ ነበር። የተለወጠው የአሠራሩ ጥራት ነው፤ ችሎታ በፈተና መመዘን ጀመረ፣ በአንድ ከተማ ተሞክሮ ያልሠራ ፖሊሲ መጣል ቻለ፣ ነጋዴው ነገ እንደማይወረስ ማመን ጀመረ። ዲሞክራሲ ሆነች አላልኩም፤ ያልተሻሻለውም ብዙ ነው። የተራመደችው አሠራሯ በተሻሻለው መጠን መሆኑ ግን አይካድም።

የኮሪያው ጄኔራልም ከዚህ አይርቅም። ፓርክ ቹንግ ሂ አምባገነን ነበሩ፤ ያሰሩትንና ያሰቃዩትን ሰው ታሪክ መዝግቦታል፤ ይህን ማለስለስ አይገባም። ነገር ግን በየወሩ በሚመሩት የወጪ ንግድ ስብሰባ ላይ ኩባንያዎች ምን ያህል እንደላኩ በቁጥር ይጠየቁ ነበር። ብድር ያገኘ ኩባንያ ውጭ ልኮ ካላሳየ ብድሩ ይቀር ነበር። ቁጥሩን የሚዳኘው የአሜሪካና የጃፓን ገዢ ነው፤ ለእሱ ሪፖርት ማሳመር አይቻልም። የእኛ ሰዎች ከኮሪያ ጡጫውን ወሰዱ፣ ሒሳቡን ተዉት። ሜቴክን ከኮሪያ ኩባንያ የሚለየውም ይኸው ነው።

ምዕራባውያን ኋላ ነው የጸዱት የሚለው ደግሞ በዓመተ ምሕረት ይፈርሳል። የእንግሊዝ ነገሥታት የጨውን፣ የሳሙናን፣ የመጫወቻ ካርታን ንግድ ለባለሟሎቻቸው በብቸኝነት ይሰጡ ነበር። ፓርላማው እ.ኤ.አ. በ1624 ይህን በሕግ አገደ፤ ከተዋቸው ጥቂት ነገሮች ዋናው አዲስ ነገር ለፈለሰፈ ሰው እስከ 14 ዓመት የሚቆይ መብት ነው። ጄምስ ዋት ለእንፋሎት ሞተሩ ፓተንት ያገኘው በ1769 ነው። መቶ አርባ አምስት ዓመት የቀደመው የትኛው ነው፣ ሞተሩ ወይስ የንጉሡን እጅ ያሰረው ሕግ? ጉቦ አልጠፋም ነበር፤ እውነት ነው። ለባለሟል የሚሰጠው መብት ለሠሪው መሰጠት መጀመሩ ግን ሞተሩን ቀድሟል።

ባህላችን ነው የሚሉም አሉ፤ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስንንቅ ኖረን ፈጠራ ከየት ይመጣል? ወቀሳው ልክ ነው፤ ጠይብን ቡዳ ያለ ሕዝብ ብረት አቅላጩን ከመንደር አባሯል። ይሁንና ንቀቱ ከየት መጣ? የቤተ እስራኤልን ታሪክ ብናይ፣ በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ርስታቸውን ነጥቀዋቸው መሬት አልባ ሲሆኑ ነው ወደ ብረት ሥራና ወደ ሸክላ የዞሩት። ርስት የሌለው ሰው መብት የለውም፣ መብት የሌለው ሰው ይናቃል፣ ሙያውም አብሮት ይናቃል። የሕጉ ወንጀል ቆይቶ ባህል ተባለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን አስገድደው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ፤ ያን የሚያህል መድፍ ተቀለጠ፣ መቅደላም ተጎተተ። ከመቅደላ በኋላ ግን ጋፋት ላይ የቀረ የመድፍ ጥበብ የለም። የንጉሥ ቁጣ መድፍ ያስቀልጣል፤ የቀላጩ ልጅ አባቱን እንዲተካ የሚያደርገው ግን ሥራው፣ መሬቱና ክብሩ በሕግ ሲጠበቅለት ነው።

ይህ ሁሉ ዛሬ ላይ ሲደርስ የሚታየው በጥቃቅን ነገር ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰረቀ፤ በቀጣዩ ዓመት መፍትሔው የአገሩን ኢንተርኔት መዝጋት ሆነ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋረጠ፤ ትግራይ ውስጥ ደግሞ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል። የሰው ሕይወት ከፈጠራ ይበልጣልና መንግሥት ሁከት ለማብረድ የወሰደው እርምጃ ነው የሚል ይኖራል። እኔም ሕይወት ይበልጣል እላለሁ። ነገር ግን ፈተና እንዳይሰረቅ መጠበቅ ያልቻለ መሥሪያ ቤት የራሱን ድክመት ዋጋ በኢንተርኔት እንጀራ በሚበላው ወጣት ላይ ሲያስከፍል፣ ያ ወጣት ለደንበኛው ነገ አገልግሎት እሰጣለሁ ብሎ በምን አፉ ቃል ይግባ? ቃል መግባት የማይችል ሰው ኩባንያ አያቆምም። ብድር የሚሰጠው፣ ሸሪክ የሚሆነው፣ ከውጭ የሚገዛው አያገኝም። ችሎታው ያው ነው፤ የተሰበረው ነገን ማመን ነው፤ ነገን አስተማማኝ ማድረግ ደግሞ ከመንግሥት በቀር ማንም ሊሠራው የማይችል ሥራ ነው።

ስለዚህ ሥልጣን ላይ ላላችሁ የምለው ይህ ነው። የፈጠራ ውድድር አዘጋጁ፣ ሽልማትም ስጡ፤ አልቃወምም። ከሚቀጥለው ሽልማት በፊት ግን ባለፉት ዓመታት መድረክ ላይ አቁማችሁ ያጨበጨባችሁላቸውን ልጆች ፈልጉ። እያንዳንዳቸው ንግድ ፈቃድ ለማግኘት ስንት ወር ፈጀባቸው? የትኛው መሥሪያ ቤት መለሳቸው፣ በየትኛው መመሪያ? ስንቶቹ ዛሬ አገር ውስጥ አሉ? መልሱን ከነመሥሪያ ቤቱ ስም በጋዜጣ አውጡት። ዜጋውም ይህን ዝርዝር ይጠይቅ፤ የዩኒቨርሲቲዎቹንና የፓርኮቹን ቁጥርማ ስንሰማ ኖረናል።